ቀረጥ ያልተከፈለበት መጠጥና የጉምሩክ ዋስትና፦ ከጋላፊ እስከ ባሕር ዳር

ቀረጥና ታክስ ሳይከፈልበት በጉምሩክ ቁጥጥር ሥር የሚጓጓዝ ወይም በቦንድድ መጋዘን (ቀረጡ እስኪከፈል ዕቃ በጉምሩክ ቁጥጥር ሥር በሚቆይበት መጋዘን) የሚቀመጥ የአልኮል መጠጥ፣ መንግሥት ሊሰበስበው የሚገባውን ገቢ የሚያስጠብቅ ዋስትና ይያዝበታል። ይህ ዋስትና ከጭነት መድን ጋር መምታታት የለበትም፤ ጠርሙሱ በመንገድ ላይ ቢሰበር ባለቤቱን የሚክሰው መድኑ ሲሆን፣ ዋስትናው የሚሸፍነው ያልተከፈለውን ታክስ ብቻ ነው።

መጠጥ ከሌላው ሸቀጥ የሚለየው የሚጣልበት ግብር ተደራራቢና ከባድ በመሆኑ ነው። የጉምሩክ ቀረጡ ማጓጓዣና መድን በታከለበት የዕቃው ዋጋ ላይ ይሰላል፤ እንደ መጠጥ ባሉ የተመረጡ ዕቃዎች ላይ የሚጣለው ኤክሳይስ ታክስ ቀረጡ በተጨመረበት፣ 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ ሁለቱ በተደመሩበት፣ በገቢ ዕቃዎች ላይ የሚጨመረው 10 በመቶው ሱር ታክስ ደግሞ ይህ ሁሉ በተጠቃለለበት ዋጋ ላይ ይታሰባል። በአዋጅ ቁጥር 1186/2012 በተተካው በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 307/1995 የኤክሳይሱ ምጣኔ ለውስኪ 50 በመቶ፣ ለንጹሕ አልኮል 75 በመቶ ነበር። የግብሩ ድምር ከግዢው ዋጋ ሊበልጥ ስለሚችል፣ የዋስትናው መጠን በግዢ ደረሰኝ ብቻ አይገመትም።

ከጅቡቲ በድንበሩ ኬላ በጋላፊ የሚገባ ጭነት በሚሌና በወልድያ አድርጎ፣ ደብረ ታቦርን አልፎ ከጣና በስተምሥራቅ ወዳለው ወረታ ሊደርስ ይችላል። ወረታ ደረቅ ወደብ (ከባሕር ርቆ የሚገኝ የጭነት ማስተናገጃ) ያላት ከተማ ስትሆን ከባሕር ዳር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ጉዞው ሲጀመር የዕቃው ዝርዝር ለጉምሩክ የሚገለጽበት ሰነድ፣ ዲክላራሲዮን፣ ይቀርባል፣ ኮንቴይነሩ ይታሸጋል፣ መዳረሻውም ይታወቃል። እሽጉ ሳይነካ ደርሶ መጠኑ ከሰነዱ ጋር ከተስማማ የመንገዱ ዋስትና ይለቀቃል፤ ከጎደለ ግን የጎደለው መጠጥ ታክስ ከባለዕዳው ወይም ከዋሱ ይጠየቃል። ጥብቅነቱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በየመጠጥ ቤቱ የተከፋፈለ ውስኪ ከተቀዳ በኋላ ተይዞ ሊወረስ አይችልም።

ጭነቱ መጋዘን ሲገባ ሌላ ኃላፊነት ይጀምራል። የመንገዱ ዋስትና ለጉዞው ብቻ የሚያገለግል በመሆኑ፣ የመጋዘኑ ባለፈቃድ በእጁ ለሚቆየው ክምችት በራሱ ስም ተጠያቂ ይሆናል። ለነጋዴው ትልቁ ጥቅም ያለው እዚህ ላይ ነው፦ ታክሱን በአንድ ጊዜ አውጥቶ ከመጨረስ ይልቅ፣ መጠጡን ከመጋዘን ባወጣ ቁጥር ይከፍላል። በዐቢይ ጾም ገበያው ለሚቀዘቅዝበትና በፋሲካና በጥምቀት ለሚሟሟቅለት የባሕር ዳር አከፋፋይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዋስትናው በጥሬ ገንዘብ ከተያዘ ግን ጥቅሙ ይሳሳል፤ ገንዘቡ ታክስ ሆኖ ባይከፈልም ከሥራ ውጭ ሆኖ ይቀመጣልና። የባንክ ዋስትናም ቢሆን ኮሚሽንና መያዣ ያስፈልገዋል። ይህ ጫና በትንንሾች ላይ እንደሚብስ በመታመኑ፣ በአሜሪካ የዓመት የአልኮል ኤክሳይሳቸው ከ50,000 ዶላር የማይበልጥ አምራቾች ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዋስትና ከማስያዝ ነጻ ተደርገዋል።

በሐይቁ ዳር የሚጠጣው ሁሉ በዚህ መንገድ አያልፍም። ጎንደር በሚገኘው የዳሸን ፋብሪካ የሚጠመቀው ቢራ ኤክሳይሱ የሚጠየቀው ከአምራቹ ነው። በየቤቱ የሚጠመቀው ጠላና የሚወጣው አረቄ ደግሞ ዲክላራሲዮንም መጋዘንም ሳያውቀው ገበያ ይደርሳል።