«የእጁን አገኘ»፦ የሥራ ዋጋ እምነትና ክርክሩ በድሬዳዋና በሐረር

ካርማ በሳንስክሪት «ሥራ» ወይም «ድርጊት» ማለት ነው። በህንድ ምድር በበቀሉት የሂንዱ፣ የቡድሃና የጃይን እምነቶች ውስጥ፣ ሰው የሠራው በጎም ሆነ ክፉ ነገር በዚህ ወይም በሚቀጥለው ሕይወቱ ወደ ራሱ ይመለሳል የሚለው አስተምህሮ በዚህ ቃል ይጠራል። ነፍስ በሌላ ሥጋ ዳግም ትወለዳለች ማለት የድሬዳዋና የሐረር ነባር እምነት ባይሆንም፣ ሥራ ሠሪውን ይከተላል የሚለው ሐሳብ ግን ለነዋሪው እንግዳ አይደለም፤ ካርማ የሚለው ቃል ወደ ወጣቱ አንደበት ከመግባቱ አስቀድሞ «የእጁን አገኘ»፣ «ግፉ ደረሰበት»፣ «የዘራውን አጨደ» ይባል ነበር።

ግፍና ካርማ ቢመሳሰሉም አንድ አይደሉም። ካርማ ዳኛ አይሻም፤ ዘር መሬት ላይ ወድቆ እንደሚበቅል ሁሉ ሥራም በራሱ ጊዜ ያፈራል ይባላል። ግፍ ግን የተበዳይን እንባ የሚያይ ፈጣሪ አለ ከሚል እምነት ተነጥሎ ትርጉም የለውም። በኦሮምኛ አባርሳ፣ በሶማልኛ ሀባር የሚባለው እርግማንም፣ በተለይ የወላጅና የሽማግሌ ሲሆን፣ የሚፈራው በዚሁ መንፈስ ነው። ከሁለቱ ከተሞች በስተምዕራብ በሚገኘው ቁልቢ ገብርኤል ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የሚሰበሰበው ምእመን ስለቱን የሚያስገባውም፣ አፍ ያወጣው ቃል ሳይፈጸም ቢቀር መዘዝ አለው ብሎ ጭምር ነው።

በበርጫ ላይም ሆነ በቡና ዙሪያ ክርክሩን የሚያሞቀው ጥያቄ ያው የቆየው ነው፦ ግፈኛው ሲደላው፣ ደጉ ሲከፋው የሚታየው ለምንድን ነው? ከመልሶቹ አንዱ ፍርዱ ወደ ወዲያኛው ዓለም ተላልፏል የሚል ነው፤ ሌላው ዕዳው በልጅ ይደርሳል ይላል። ይህኛው መልስ በሕዝቡ ዘንድ የተለመደ ቢሆንም ከመጻሕፍቱ ጋር ይጋጫል። ነቢዩ ሕዝቅኤል አባቶች ጎምዛዛ ወይን በሉ፣ የልጆች ጥርስ ጠረሰ የሚለው ምሳሌ እንዳይነገር በምዕራፍ 18 ይከለክላል፤ ቁርኣንም ማንኛዋም ነፍስ የሌላዋን ኃጢአት እንደማትሸከም ደጋግሞ ይናገራል።

መጻሕፍቱ አንድ ነገር ብቻ አይናገሩም፤ ክርክሩ የማያልቅበትም አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ከቁርኣን የብናኝ ክብደት ያህል በጎ ወይም ክፉ የሠራ ያገኘዋል የሚለው ይጠቀሳል፤ የሚደርስባችሁ መከራ እጆቻችሁ በሠሩት ነው የሚለውም እንዲሁ፣ ነገር ግን ይኸው አንቀጽ አላህ ከብዙው ይቅር እንደሚል ያክላል። በወንጌል ደግሞ ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው «ኃጢአት የሠራ ማን ነው?» ብለው ሲጠይቁ፣ እርሱም ሆነ ወላጆቹ እንዳልሆኑ ተመልሶላቸዋል። ቡድሃ እንኳ፣ ሰው የሚሰማው ሥቃይ ሁሉ ከቀድሞ ሥራው የመጣ ነው የሚሉትን ተቃውሞ ነበር፤ ሐሞትን፣ አክታን፣ ነፋስን፣ የወቅት ለውጥንና ሌሎችንም ጨምሮ ስምንት ምክንያቶች ሲዘረዝር ካርማን ያስገባው እንደ አንዱ ብቻ ነው። ካርማን የፍርድ መዶሻ አድርገው የሚጠቅሱ ሰዎች ይህን ክፍል ቢያነቡት መልካም ነበር።

ለድሬዳዋ ሰው ጥያቄው የመጽሐፍ ብቻ ሆኖ አልቀረም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት፣ በሐምሌ መጨረሻ፣ ዓመቱን በአብዛኛው አሸዋ ብቻ ሆኖ የሚታየው የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ። እንዲህ ያለ መከራ ሲደርስ የፈጣሪ ቁጣ ነው የሚል ድምፅ አይጠፋም። ጎርፉ ግን የወረደው ከከተማዋ በላይ ካሉት ደጋማ ቦታዎች ነበር፤ የዛፍ ሽፋናቸው በመሳሳቱ ውሃውን የሚይዝ አልነበረም፣ ታች ደግሞ ቤቶች እስከ ወንዙ አፋፍ ተሠርተው ነበር። ስለዚህ የሰው ሥራ በእርግጥ ተመልሷል፤ የመታው ግን ሠሪውን ሳይሆን፣ ሌላ ቦታ የመግዣ አቅም አጥቶ ዳር ላይ ቤት የሠራውን ነው። የምክንያትና ውጤት ሕግ መኖሩን ማመንና ውጤቱ የደረሰበትን ሰው ጥፋተኛ ማድረግ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

ሥነ ልቦናም ይህን አይቶታል። አሜሪካዊው ሜልቪን ለርነር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1960ዎቹ ባደረገው ሙከራ፣ ሰዎች አንዲት ሴት በኤሌክትሪክ ስትቀጣ የሚያዩ መስሏቸው ሊያስጥሏት ሳይችሉ ሲቀሩ ስለ ማንነቷ ዝቅ ያለ ግምት መስጠት ጀመሩ። ዓለም ፍትሐዊ ናት የሚለውን እምነት ላለመልቀቅ ተጎጂዋን ራሷን አሳነሱ።

በሐረር አካባቢ ይህን ፍርድ ከሁሉ ይልቅ የተሸከሙት የሥጋ ደዌ ሕሙማን ናቸው። ኖርዌያዊው ሐኪም ሃንሰን የበሽታውን ባክቴሪያ ያገኘው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1873 ሲሆን፣ ከሐረር ወደ ባቢሌ በሚወስደው አቅጣጫ የሚገኘው የቢሲዲሞ ሆስፒታል ደግሞ በዚሁ አቆጣጠር በ1958 በጀርመን የሥጋ ደዌ ረድኤት ድርጅት ተቋቋመ። ዛሬ በሽታው በተቀናጀ መድኃኒት ከ6 እስከ 12 ወር ባለ ጊዜ ውስጥ ይድናል። ቢሆንም የታመመ ሰው ምልክቱን እያየ ዘግይቶ ወደ ሕክምና እንዲመጣ ከሚያደርጉት ነገሮች መካከል፣ ጎረቤት «ምን አድርጎ ይሆን?» ይለኛል የሚል ፍርሃት አንዱ ነው፤ በዘገየ ቁጥርም ጣቱና እግሩ ይጎዳል፣ ጉዳቱም ለጠያቂው እንደ ማስረጃ ይቆጠርለታል።