እቃቃ፦ የትንንሽ ልጆች የማስመሰል ጨዋታ በቤት ውስጥ

እቃቃ ከሦስት እስከ ስምንት ዓመት ገደማ የሆናቸው ልጆች የቤትን ኑሮ እያስመሰሉ የሚጫወቱት፣ በኢትዮጵያ ከተሞችም ሆነ በገጠር እጅግ የተለመደ ጨዋታ ነው። «ዕቃ ዕቃ» ተብሎም የሚጻፈው ይህ ስም ልጆቹ የማጀቱን ዕቃ በትንንሽ ምትክ እየሠሩ የሚጫወቱ መሆናቸውን ያመለክታል። አዋቂዎች ግን ቃሉን ለሌላ ጉዳይ ያውሉታል፤ ቁም ነገር የጎደለውን ሁሉ፣ ትዳርም ይሁን ስብሰባ፣ «የእቃቃ» ይሉታል። ይህ አነጋገር ጨዋታውን ይበድለዋል፤ በትንሽ ልጅ ውሎ ውስጥ ከእቃቃ የበለጠ ልብ ተሰጥቶት የሚሠራ ነገር ማግኘት ያስቸግራልና።

ጨዋታው በገንዘብ የሚገዛ ነገር አይፈልግም። የለስላሳ ቆርኪ ስኒ፣ የጣሳ ክዳን ምጣድ፣ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ድስት ይሆናል። የቀጠነ ጭቃ ሊጥ ነው፤ የቀይ ሸክላ ወይም የጡብ ስባሪ በድንጋይ ተፈጭቶ በርበሬ ይወጣዋል፤ አሸዋው ጨው፣ የተከተፈው ሣር ጎመን፣ ሰፋ ያለው ቅጠል ደግሞ የገበያ ብር ነው። ጭቃው እንደ ልብ የሚገኘው፣ ትምህርት ቤትም የሚዘጋው በክረምት ስለሆነ፣ የጣሪያው ጠፈጠፍ የማይደርስበት ጥግ በእነዚያ ወራት የልጆች ሰፈር ይሆናል። አሻንጉሊቷም ከቤት ትሠራለች፤ ከጨርቅ ቁራጭ ትሰፋለች፣ ወይም ፀጉሩ ያልተነቀለ እሸት በቆሎ ተጎንጉኖ በእናት ነጠላ ይታዘላል።

ከጨዋታው በፊት ድርድር አለ። «እኔ እናት ልሁን፣ አንተ አባት ሁን፣ አንቺ ልጅ» የሚለው ክፍፍል አንዳንዴ ከጨዋታው የረዘመ ጊዜ ይወስዳል፤ ታናሽየዋ ሁልጊዜ ሕፃን መሆን ሰልችቷት ታኮርፋለች፣ በመጨረሻም እንግዳ ወይም ሐኪም ትሁን ተብላ ትታረቃለች። ጊዜ በአዋጅ ይሄዳል፤ አንዷ «መሸ!» ስትል ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ ይተኛል፣ «ነጋ!» ስትል ቁርስ ይቀርባል። አባት የተባለው ልጅ «ሥራ ሄድኩ» ብሎ ቁም ሣጥኑን ዞሮ ይመለሳል፣ ሲመለስም በፌስታል ዳቦ ይዟል። «የውሸት» እና «የምር» የሚባሉት ሁለት ቃላት ድንበር ጠባቂዎች ናቸው፤ በጨዋታው መካከል የወደቀ ልጅ «የምር አመመኝ» ካለ ጨዋታው ወዲያው ይቆማል።

ቡና የማይፈላበት እቃቃ ብዙ አይገኝም። የአራት ዓመት ልጅ ሣር ነጭታ ትጎዘጉዛለች፣ ቆርኪዎቹን በካርቶን ላይ ትደረድራለች፣ ከባዶ ጣሳ ከፍ አድርጋ ትቀዳለች፤ እናቷ ጀበናውን ስታነሣ ግራ እጇን እንዴት እንደምታደርግ እንኳ አልረሳችም። ስኒው ለአያት ይቀርባል። አያት አየሩን በአንድ ትንፋሽ ጠጥተው «እሰይ፣ ይጣፍጣል» ቢሉ ግን አይሆንም፤ ልጅቱ ተቆጥታ «እማማ፣ ትኩስ ነው እኮ! እፍ ይበሉበት» ትላለች። አያትም እፍ ይላሉ፣ ቀስ ብለው ፉት ይላሉ፣ ቶናውን ደግሞ ይጠብቃሉ። በረካ ሳይጠጡ መነሣት ነውር መሆኑን ልጅቱ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራትም።

ሩሲያዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ (እ.ኤ.አ. 1896–1934) በማስመሰል ጨዋታ ላይ ያቀረበው ሐሳብ ለእቃቃ በቀጥታ ይሠራል። እንደ እርሱ አመለካከት ይህ ጨዋታ ልጅ እንዳሻው የሚሆንበት ሳይሆን ራሱን ለሕግ የሚያስገዛበት ነው፤ እናት ሆና የምትጫወት ልጅ እናት በምትገዛበት ደንብ ትገዛለች። በዱላ ላይ ተቀምጦ የሚጋልብ ልጅም የፈረስን ትርጉም ከፈረሱ አካል ለይቶ ለዱላው ማዋሱ ነው፤ ይህም ቆይቶ ለፊደልና ለቁጥር የሚያስፈልገው ችሎታ ነው፤ ፊደልም ቢሆን ድምፅን የሚወክል ምልክት ነውና። የዱላ ፈረስ በእኛም ግቢ ሲጋለብ የኖረ ስለሆነ፣ ምሳሌውን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

እቃቃ የቤቱን ምሥጢርም ያወጣል። አሻንጉሊቷን «ዝም በይ! አባትሽ ሲመጣ እነግርብሻለሁ» እያለች የምትገሥጽ ልጅ ቃሉንም ድምፁንም ያገኘችው ከጓዳ ነው፤ በሩ ላይ ቆማ የምትሰማ እናት ከራሷ ጋር ፊት ለፊት ትገናኛለች። ወንዶቹም በዚህ ዕድሜ እኩል ይጋግራሉ፣ ያዝላሉ፣ ይጠርጋሉ፤ ወደ ሰባት ዓመት ሲጠጉ ግን «ወንድ ልጅ ማጀት ምን ይሠራል?» የሚለው ተግሣጽ ወደ ብይ፣ ወደ ሽቦ መኪናና ወደ ካልሲ ኳስ ይገፋቸዋል። ያለ ዕድሜያቸው ከምድጃው ዳር መነሣታቸው ያሳዝናል።

የጨዋታው ሌላው ስንቅ ተረት ነው። ማታ «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብለው የተቀበሉ ልጆች አያ ጅቦን በማግስቱ እቃቃ ውስጥ ያስገቡታል፤ ጅቡ ከሶፋው ሥር ይተኛል፣ ዳቦም ይሰጠዋል። የአራት ዓመት ልጅ «ሳሎን ውስጥ ጅብ አየሁ» ሲል ውሸታም ብሎ መቅጣት ስህተት ነው፤ ልጁ ሊያታልል አልተነሣም፣ ያሰበውንና ያየውን ገና በጥራት አልለየም። «ጅቡ ምን ይበላል?» ብሎ መጠየቅ ወሬውንም ፍርሃቱንም ያቀልለታል። በአንጻሩ ልጅ እንዲተኛ «ጅቡ መጣልህ» ብሎ ማስፈራራት፣ ነገሩን በምናቡ አጉልቶ ለሚያይ ልጅ ሌሊቱን ሙሉ የሚዘልቅ ጭንቀት ነው። በቴሌቪዥን ዘመን ይህን የተረት ወንበር ለረጅም ዓመታት የያዙት አባባ ተስፋዬ ይባሉ የነበሩት አርቲስት ተስፋዬ ሳህሉ ሲሆኑ፣ እርሳቸው በ2009 ዓ.ም. ዐርፈዋል።

የመኖሪያው ለውጥ ጨዋታውን ለውጦታል። በአዲስ አበባ ብዙ ቤተሰብ ከግቢ ወደ ኮንዶሚኒየም ሲገባ አፈሩና ቅጠሉ ቀርቶ ሳሎኑ መጫወቻ ሆነ። ወንበሮቹ ተደርድረው ሚኒባስ ይሆናሉ፤ አንዱ በድስት ክዳን ይነዳል፣ ሌላው «ፒያሳ! ፒያሳ! አንድ ሰው!» እያለ ይጣራል፣ ሂሳብ ይሰበስባል፣ «ወራጅ አለ» ሲባል ግድግዳውን ይመታል። ከታች ያለው ጎረቤት ኮቴው ቢያስመርረውም፣ ልጆችን ዝም ለማሰኘት ስልክ ከመስጠት ወፍራም ምንጣፍ ማንጠፍ ይሻላል። በዋሽንግተን አካባቢ በሚኖሩ ቤተሰቦች ዘንድ ደግሞ በፕላስቲክ ማብሰያ ላይ ጀበና ሲጣድ ይታያል፤ ወላጅ ልጁ አሻንጉሊቱን በየትኛው ቋንቋ እንደሚያባብል ቢያዳምጥ፣ አማርኛው ቤት ውስጥ ምን ያህል እንደቆመ ያውቃል።

የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን (እ.ኤ.አ. 1989) አንቀጽ 31 የሕፃናትን የመጫወት መብት ያውቃል፤ በቤት ውስጥ ግን መብቱ ጥንቃቄንም ይጠይቃል። የምር ምድጃና የውሸት ምድጃ ጎን ለጎን መዋል የለባቸውም፤ የከሰል ፍምና የፈላ ውኃ ልጅ ከሚደርስበት መራቅ አለባቸው። ከሁሉም የሚያስፈራው በረኪናን በባዶ የውኃ ሃይላንድ የማስቀመጥ ልማድ ነው፤ ቆርኪን ስኒ ለሚል ልጅ ያ ጠርሙስ ውኃ ነው። በረኪና የጠጣን ልጅ እንዲያስመልስ ማስገደድ ጉዳቱን ስለሚያባብስ፣ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ይገባል።

ጨዋታው የሚዘጋው በራሱ ቃል ነው፤ «እቃቃው ፈረሰ፣ ዳቦው ተቆረሰ» ተብሎ ጣሳው ይገለበጣል፣ የተጋገረው ጭቃ ይረገጣል። አዋቂ በድንገት ገብቶ ሲያፈርሰው ግን ልቅሶ ይከተላል፤ «እንጀራው ሲወጣ ትገባላችሁ» ብሎ አስቀድሞ መናገር ብዙ ጊዜ ይበቃል። ልጆቹ እንጀራውን ያወጣሉ፣ ለሕፃኗ ያጎርሳሉ፣ ቆርኪዎቹን ቆጥረው ለነገ ከአልጋ ሥር ያስቀምጣሉ፤ ከዚያ እጃቸውን ሊታጠቡ ይመጣሉ።