«ልውጣ ወይስ ልቆይ?» አደጋ ሲመጣ የሚያሳስቱን አባባሎች

ታኅሣሥ 26 ቀን 2017፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው። አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። መጀመሪያ የሰማሁት የቡፌው ብርጭቆዎች ሲንቀጫቀጩ ነው። ቀጥሎ አልጋው ተወዛወዘ። ወዲያው ደረጃው በሰው ተሞላ። ልጅ የታቀፈ፣ ጫማ ያላደረገ፣ ነጠላ ብቻ ጣል ያደረገ። ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩት እማማ በጨለማው ደረጃ ላይ ተደናቀፉና እግራቸው ወለም አላቸው። ሕንፃው ላይ አንድ ስንጥቅ እንኳ አልተገኘም። በዚያ ሌሊት እኛ ጋ የተጎዱት እሳቸው ብቻ ናቸው።

መንቀጥቀጡ የተነሳው ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ነበር። መጠኑ 5.7 ገደማ ነው። እኛ ጋ ብርጭቆ ያንቀጫቀጨው ያ ሰሞነኛ መንቀጥቀጥ፣ እዚያ ቤት አፍርሷል፣ መንገድ ሰንጥቋል፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከቀያቸው አስነስቷል። ለእነሱ መልቀቅ ትክክል ነበር። ለእኛ በደረጃ መሮጥ ስህተት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰው «ልውጣ ወይስ ልቆይ?» ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «አደጋው ምንድነው? ቤትህስ የት ነው የቆመው?» ብዬ ነው። ብዙዎቻችን ግን መልሱን ከሰማናቸው አባባሎች ነው የምንወስደው።

«መሬት ሲንቀጠቀጥ ሮጦ መውጣት ነው»

ፎቅ ላይ ላለ ሰው ይህ አደገኛ ምክር ነው። መንቀጥቀጡ ብዙ ጊዜ የሚቆየው ለሰከንዶች ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ሆናችሁ በሩን ከፍታችሁ ሳትጨርሱ ሊያበቃ ይችላል። በእነዚያ ሰከንዶች ውስጥ ሰው የሚጎዳው ሲወድቅ፣ መስታወት ሲረግፍበት፣ ቁም ሳጥን ሲወድቅበት ነው። ከሕንፃው በር ደጃፍ ላይም ብሎኬትና መስታወት ከላይ ይወርዳል። ስለዚህ እየተንቀጠቀጠ ሳለ ዝቅ በሉ፣ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ግቡ፣ እግሩን አጥብቃችሁ ያዙ። ጠረጴዛ ከሌለ ከመስኮት ራቁና ጭንቅላታችሁንና አንገታችሁን በክንዳችሁ ሸፍኑ። አልጋ ላይ ከሆናችሁ እዚያው ሁኑ፣ ትራሱን ጭንቅላታችሁ ላይ አድርጉ። ሲቆም ጫማ አድርጉ፣ የጋዙን ሲሊንደር ዝጉ፣ በደረጃ ውረዱ። ሊፍት አትንኩ። ግድግዳው ወይም ምሰሶው ከተሰነጠቀ የሚያውቅ ሰው ሳያየው ተመልሳችሁ አትግቡ።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ቤቱ ከድንጋይ ወይም ከጭቃ የተሠራ ምድር ቤት ከሆነ፣ በሩ ሁለት እርምጃ ላይ ካለ፣ ውጭውም ሜዳ ከሆነ፣ ቶሎ መውጣቱ ይሻላል። ግድግዳው ከባድ ነው፤ ከወደቀ ይደፍናል። ከእንጨትና ከሰሌን የሚሠራው ባህላዊው የአፋር ቤት ደግሞ ቀላል ስለሆነ ቢወድቅም እንደ ብሎኬት ሰው አይጨፈልቅም። ለዚህ ነው ለሁሉም የሚሆን አንድ መልስ የሌለው።

«በር መቃን ሥር መቆም ያድናል» የሚባለውም ያረጀ ነገር ነው። የዛሬ ቤት በር መቃን ከሌላው ግድግዳ የተለየ ጥንካሬ የለውም። በሩም ተወዛውዞ ጣት ይቆርጣል።

«እዚህ ካልዘነበ ጎርፍ አይመጣም»

ድሬዳዋን የሚያውቅ ሰው ደቻቱን ያውቃል። አብዛኛውን ጊዜ ወንዙ ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ይሻገረዋል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ዝናቡ የሚጥለው ከላይ፣ በሐረርጌ ደጋ ላይ ነው። ሐምሌ 1998 መጨረሻ ላይ ውኃው ከተማዋ ውስጥ የገባው ሌሊት፣ ሰው በተኛበት ነው። ከ250 በላይ ሰው ሞተ። ብዙዎቹ የሚኖሩት ወንዙ ዳር ነበር።

በጎርፍ ጊዜ መቆየት የሚባል አማራጭ የለም ብዬ ነው የማምነው፤ ቤታችሁ ከወንዙ እኩል ዝቅ ብሎ ከቆመ ማለቴ ነው። ተራራው ላይ ደመናው ከጠቆረ፣ ወንዙ በድንገት ከደፈረሰ፣ ግንድና ቅጠል ይዞ መምጣት ከጀመረ፣ ከሩቅ የሚያጉረመርም ድምፅ ከተሰማ፣ ማንም እስኪያዛችሁ አትጠብቁ። ልጆቹን ይዛችሁ በእግራችሁ ወደ ከፍታ ውጡ። በወንዙ ዳር እየሮጣችሁ ልትቀድሙት አትሞክሩ። ሜትሮሎጂ ከባድ ዝናብ ይጥላል ባለበት ቀን ደግሞ ሳይመሽ ከፍ ያለ ቦታ ካለ ዘመድ ጋር ማደር ቀላሉ ነገር ነው።

መኪናም አያድንም። 15 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ፈጣን ውኃ ትልቅ ሰው ይጥላል። 30 ሴንቲ ሜትሩ ትንንሽ መኪኖችን ማንሳፈፍ ይጀምራል። 60 ሲደርስ አብዛኞቹን ይዞ ይሄዳል። አስፋልቱ ከሥር ይኑር ይታጠብ እንኳ አታዩም።

«ናዳ አንዴ ከወረደ አለፈ»

ይህን ስጽፍ ልቤ ይከብደኛል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ፣ ብዙ ከዘነበ በኋላ ኮረብታው ተናደ። ቤቶች ተቀበሩ። ጎረቤት ሰምቶ ዝም አይልም፤ የቻለ ሁሉ እየሮጠ መጣ፣ በአካፋና በእጁ መቆፈር ጀመረ። ያን ጊዜ ሁለተኛው ናዳ መጣ። ከ200 በላይ ሰው ያለቀበት ቀን ነው። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሌላውን ሊያድኑ የመጡ ነበሩ።

«አትርዱ» ብዬ አልጽፍም። እኛ ሀገር እንዲህ ያለ ምክር የሚሰማ የለም፣ ደግሞም ባይሰማ ደስ ይለኛል። ግን ከሚቆፍሩት ራቅ ብሎ ኮረብታውን ብቻ የሚያይ አንድ ሰው ይቁም። ድንጋይ መንከባለል ሲጀምር ይጩህ። የሚቆፍሩት ጥቂት ይሁኑ፣ ሌላው ሕዝብ ከናዳው መስመር ወደ ጎን ይራቅ። ሕፃናትና ሽማግሌዎች ጭራሽ አይቅረቡ። ቀድሞ የሚታይ ምልክትም አለ፤ መሬቱ ላይ አዲስ ስንጥቅ፣ ያዘነበለ ዛፍ፣ በድንገት የደፈረሰ ምንጭ፣ ትናንት ይዘጋ የነበረ ዛሬ የሚያስቸግር በር። ይህን ያየ ሰው ዝናቡ እስኪያባራና መሬቱ እስኪደርቅ ሌላ ቦታ ይደር።

«ንብረቴን ጥዬ የትም አልሄድም»

ግትርነት አይደለም። ላምና በግ ለገበሬውም ለአርብቶ አደሩም ባንኩ ነው። «ሕይወት ይበልጣል» ብሎ መስበክ ሰውን አያስነሳም። ከብቱን በቀን፣ ከሰው ቀድሞ ማንሳት ግን ያስነሳዋል፤ ከብቱ ደህና ቦታ ከደረሰ ባለቤቱ ለመመለስ ምክንያት የለውም። ከተማ ላለው ደግሞ ከብቱ ወረቀት ነው። የቤት ካርታ፣ መታወቂያ፣ የልጆች የክትባት ካርድ፣ የሚዋጥ መድኃኒት። እኔ ሁሉንም ፎቶ አንስቼ ለራሴ በቴሌግራም ልኬያለሁ። ዋናው በላስቲክ ተጠቅልሎ በር ላይ በተሰቀለ ቦርሳ ውስጥ ነው።

«ትልቁ ዛሬ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ይመጣል»

በዚያ በታኅሣሡ መንቀጥቀጥ ሰሞን ቲክቶክ ላይ ይህን ስንት ሰው አጋርቶታል! የመሬት መንቀጥቀጥን ቀንና ሰዓት መተንበይ የሚችል ሳይንቲስት ዓለም ላይ የለም። ሰዓት ቆርጦ ከነገራችሁ ይዋሻል፣ ወይ ተዋሽቷል። ከትልቅ መንቀጥቀጥ በኋላ ተከታይ መንቀጥቀጦች መኖራቸው ግን እውነት ነው። አዋሽ አካባቢ የተሰነጠቀ ቤታቸውን ትተው ደጅ ያደሩት ለዚህ ነው ልክ የነበሩት።

«መቆየት ማለት ተኝቶ መጠበቅ ነው»

መቆየትም ሥራ አለው። እስራኤል ያሉ ዘመዶቻችን የሮኬት ማስጠንቀቂያ ሳይረን ሲሰሙ ወደ ሜዳ አይሮጡም፣ ማማድ የሚሉት ግድግዳው የተጠናከረ የቤት ውስጥ መጠለያ ክፍል ውስጥ ይገባሉ። ማማድ የሌለው የቅርቡን መጠለያ አስቀድሞ ያውቃል። አሜሪካ ያለው ቶርኔዶ የሚሉት ኃይለኛ አውሎ ነፋስ ሲታወጅ ቤዝመንት ይወርዳል። እኛም ብንቆይ ውኃ የተሞላ ጀሪካን፣ ባትሪ፣ ቻርጅ የተደረገ ስልክ ያስፈልገናል። አዲስ አበባ ላይ የእሳትና አደጋ 939ን፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907ን ግድግዳ ላይ ጽፎ መለጠፍም አንድ ነገር ነው።

«ቀኑ ሲመጣ እንመካከራለን»

ሌሊት 10 ሰዓት ላይ በጨለማ ማንም አይመካከርም። እኛ ከዚያ በኋላ ባለው እሑድ ቁጭ ብለን ቡና ጠጣንና ተነጋገርን። መሰብሰቢያችን መኪና ማቆሚያው ጋ ያለው ሜዳ ሆነ። ሦስተኛ ፎቅ ያለው ወጣት መንቀጥቀጡ ሲቆም የእማማን በር አንኳኩቶ ደግፎ ያወርዳቸዋል። እሳቸው መጀመሪያ «ለእኔ ብላችሁ አትቸገሩ» አሉ። አሁን ጫማቸውንና ባትሪያቸውን ከአልጋው ሥር አስቀምጠው ነው የሚተኙት።