የድርጅት ሶፍትዌሮች የመረጃ ልውውጥና ማመሳሰል

የመረጃ ልውውጥና ማመሳሰል በየራሳቸው ዳታቤዝ የሚሠሩ የሂሳብ፣ የመጋዘን፣ የሽያጭና መሰል ሶፍትዌሮች ስለ አንድ ጉዳይ እርስ በርሱ የሚጋጭ መረጃ እንዳይዙ የማናበብ ሥራ ነው። ከዋናው መሥሪያ ቤት ጋር ዘወትር በኔትወርክ ያልተገናኘ ቅርንጫፍም የራሱን ዳታቤዝ ይዞ እየሠራ ለውጦቹን በየጊዜው ይልካል። መላኩ ብዙም አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው አንድ መዝገብ በሁለት ቦታ ተቀይሮ ሲመጣ የትኛው እንደሚጸና መወሰኑ ነው።

ለልውውጡ የጋራ ቅርጽ የማውጣት ጥረት የቆየ ነው። የንግድ ሰነዶች በኤሌክትሮኒክ መንገድ የሚላኩበትን ቅርጽ የሚያወጣው የኤክስ12 ኮሚቴ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1979 ተቋቋመ፤ በተባበሩት መንግሥታት ሥር ለተመሳሳይ ዓላማ የተዘጋጀው ኤዲፋክት በ1987 ጸደቀ፤ መረጃን በጽሑፍ መልክ የሚያስቀምጠው ኤክስኤምኤል በ1998 ወጣ፤ ዛሬ ደግሞ ጄሰን የተባለው ቀለል ያለ የጽሑፍ ቅርጽ በስፋት ይሠራበታል። ይሁንና ሁለት ሥርዓቶች በፋይሉ ቅርጽ ቢስማሙም በይዘቱ ላይስማሙ ይችላሉ። ለሽያጭ ክፍሉ ደንበኛ ማለት ዕቃውን የተረከበው ሱቅ ሲሆን፣ ለሂሳብ ክፍሉ ግን ዕዳውን የሚከፍለው ኩባንያ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የአንዱን መለያ ቁጥር ከሌላው ጋር የሚያዛምድ ሠንጠረዥ ማዘጋጀትና እያንዳንዱ መረጃ በየትኛው ሥርዓት ብቻ እንደሚስተካከል አስቀድሞ መደንገግ ያስፈልጋል፤ ብዙ ፕሮጀክቶች የሚጓተቱትም ከፕሮግራም ጽሕፈቱ ይልቅ በዚህ ድርድር ነው።

መረጃው በሌሊት በሚላክ ፋይል፣ በኤፒአይ ጥሪ (አንዱ ሶፍትዌር ሌላውን በቀጥታ በሚጠይቅበት መንገድ) ወይም በመልእክት ወረፋ (መልእክቶች ተቀባዩ እስኪወስዳቸው በሚጠብቁበት ሰልፍ) ሊተላለፍ ይችላል። ከዳታቤዙ የለውጥ መዝገብ ላይ እያንዳንዱን ለውጥ እያነበበ የሚያስተላልፍ ዘዴም አለ፤ በሊንክድኢን ኩባንያ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2011 ለሁሉም ክፍት የተደረገው ካፍካ የተባለው የመልእክት ማስተላለፊያ ሶፍትዌር ለዚህ አዘውትሮ ያገለግላል። መንገዱ የትኛውም ይሁን መልእክት ሊጠፋ ወይም ሊደገም ይችላል። ተቀባዩ የሽያጭ ደረሰኙን መዝግቦ የላከው ማረጋገጫ በመንገድ ቢቀር፣ ላኪው እንዳልደረሰ ቆጥሮ ደግሞ ይልከዋል፤ መልእክቱ የማይደገም መለያ ካልያዘና ተቀባዩ ያንን መለያ ካላጣራ አንድ ሽያጭ ሁለት ጊዜ ይመዘገባል።

ግጭቱ ጎልቶ የሚታየው በክምችት ላይ ነው። ሁለት ቅርንጫፎች በአንድ የጋራ መጋዘን 10 ዕቃ እንዳለ ያውቃሉ እንበል። ግንኙነት በተቋረጠበት ሰዓት አንዱ 3 ሸጦ ቀሪውን 7 ብሎ ይመዘግባል፣ ሌላው 4 ሸጦ 6 ይላል። «የኋለኛው ይጽና» የሚለው የተለመደ ደንብ ሲሠራ ቀሪው 7 ወይም 6 ይሆናል፤ ትክክለኛው ግን 3 ነው። በዚያ ላይ የኋለኛው የትኛው እንደሆነ የሚለየው በኮምፒውተሮቹ ሰዓት ነው፤ ሰዓቶቹ ደግሞ ይዛነፋሉ። እዚህ ላይ መድኃኒቱ ቀሪውን ሳይሆን እንቅስቃሴውን፣ ማለትም «3 ወጣ»፣ «4 ወጣ» የሚለውን መላክ ነው። ስልክ ቁጥርን ወይም አድራሻን በዚህ መንገድ መደመር ስለማይቻል ግን ለእነዚህ የባለቤትነት ደንብ ወይም የሰው ውሳኔ የግድ ነው።

የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪው ኤሪክ ብሩወር እ.ኤ.አ. በ2000 ያቀረበው፣ ሌሎች ተመራማሪዎች ሴዝ ጊልበርትና ናንሲ ሊንች በ2002 በማስረጃ ያጸኑት ሐሳብ እንደሚያሳየው፣ ኔትወርክ በተቆረጠበት ጊዜ ሥርዓቱ ሁልጊዜ አገልግሎት መስጠትንና ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት መልስ መስጠትን አንድ ላይ ሊያሟላ አይችልም። ሽያጩን ማቆም የማይፈልግ ድርጅት በየቦታው ባለው መረጃ መካከል ያለው ልዩነት ቆይቶ የሚጠብበትን መንገድ ይመርጣል፤ ለባንክ ዝውውር ግን ይህ ሁልጊዜ አይመችም።

መሰረዝ ቀላል ቢመስልም ያታልላል። አንዱ ጋ ፈጽሞ የጠፋ መዝገብ ሌላው ጋ ስላለ፣ በሚቀጥለው ልውውጥ እንደ አዲስ ተቆጥሮ ይመለሳል። ስለዚህ መዝገቡ አይጠፋም፤ የመሰረዝ ምልክት ይደረግበትና ሁሉም ተሳታፊዎች ምልክቱን እንደተቀበሉ እስኪታወቅ ይቆያል። ለወራት ሳይገናኝ የቆየ ቅርንጫፍ ካለም የእሱን ቅጂ በትናንሽ ለውጦች ከማስተካከል ይልቅ ያልተላኩ ሽያጮቹን ብቻ ወስዶ ቅጂውን ከዋናው ዳታቤዝ እንደ አዲስ መሙላት ይሻላል።