እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል
ትርጉሙ የማያሻማ ነው፤ ሐቅ ቢሸፈንም ጊዜውን ጠብቆ ይወጣል። መነሻው የንጋት አነጋግ ነው። ሌሊት በአንዴ ቀን አይሆንም፤ ጎህ ይቀዳል፣ ወገግ ይላል፣ ከዚያ በኋላ ነው ሰውና ጉቶ የሚለየው።

ሐረር ጀጎል ውስጥ ረመዳንን የሚጾም ሰው ይህን አጣርቶ ያውቃል። መጀመሪያ በምሥራቅ ሽቅብ እንደ ጅራት የቆመ ብርሃን ይታያል፤ ጥቂት ቆይቶ ይጠፋና ጨለማው ይመለሳል። ይህ ፈጅር ካዚብ፣ ሐሰተኛው ጎህ ነው፤ እሱ ሲታይ የጾሙን የሌሊት ምግብ፣ ሱሑርን፣ መብላት አይከለከልም፣ የንጋቱ ሶላት ሱብሒም አይሰገድም። እውነተኛው፣ ፈጅር ሳዲቅ፣ በአድማሱ ወርድ ተዘርግቶ እየሰፋ ይሄዳል።

በምርጫ ክርክር ላይ ግን ይህ ምሳሌ ለዝምታ ሰበብ ሲሆን ያናድዳል። «እውነቱ ይወጣል» ተብሎ የታለፈውን ሐሰት ሰሚው ይዞት ቤቱ ይገባል፤ እርማቱ ሲደርስ ድምፅ ተሰጥቶ አልቋል።

ድሬዳዋ ላይ አንዱ ተከራካሪ «ከ1998ቱ ጎርፍ ወዲህ ደቻቱ ወንዝ ዳር አንድ ድንጋይ አልተደረደረም» አለ እንበል። «ድንጋይ አልተደረደረም መባሉ ውሸት ነው» ብሎ መጀመር የተለመደ ስሕተት ነው፤ ሐሰቱን ደግሞ ማሰማት ይሆናል፣ የተደጋገመ ነገር ደግሞ እውነት ይመስላል። ከእውነቱ መነሳት ይሻላል፦ «ደቻቱ ዳር ከጎርፉ በኋላ የተሠራ ግንብ አለ፤ ወጥታችሁ ማየት ትችላላችሁ። ይበቃል ወይ ከተባለ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ እንነጋገርበት።» ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ሰሚውን የሚያሳምነውም ተገቢውን ክፍል አምኖ መቀበሉ ነው።

አምስት ሐሰት በአንድ ትንፋሽ ሲወርድ ሁሉንም ማሳደድ አያዋጣም፤ የተሰጠው ሁለት ደቂቃ ያልቃል። ሌሎቹ የቆሙበትን አንዱን መርጦ መናድ ነው።

የዓመት አቆጣጠር ብዙ ያሳስታል። ያ ጎርፍ በእኛ ሐምሌ 1998፣ በፈረንጆቹ 2006 ነው። የሁለቱ አቆጣጠር አኃዞች ተደባልቀው ሲቀርቡ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ያለው ነገር የአንድ ጊዜ ይመስላል። ስለዚህ መልስ ከመስጠት በፊት «በየትኛው አቆጣጠር?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

«ውሸታም» የሚለው ስድብ ይቅር፤ ክርክሩ ወደ ጠብ ዞሮ ማስረጃው ይረሳል። ሰነዱ በእጅ ከሌለ «አጣርቼ በሚቀጥለው መድረክ እመልሳለሁ» ይባላል። በዚያ መድረክም ሰነዱ ገጹና ቀኑ ተጠቅሶ ይቀርባል፣ ቅጂውም ለአወያዩ ይሰጣል።