«ስንት ጊጋ ነው?» እና ሌሎች ስለ ሙዚቃ ማጫወቻ የሚነገሩ ስሕተቶች

ደሴ ፒያሳ ላይ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ እየሸጠና እየጠገነ የሚኖር ሰው ኤምፒስሪ ማጫወቻ ከሚፈልግ ደንበኛ የሚሰማው የመጀመሪያ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ስንት ጊጋ ነው?» ይባላል። ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ ቁልፉ ኪስ ውስጥ ሆኖ በጣት ብቻ ይለይ እንደሆነ፣ የአማርኛ ስም ያነብ እንደሆነ የሚጠይቅ እጅግ ጥቂት ነው። ጥያቄው ስለሰለቸኝ ደንበኞች ይዘዋቸው የሚመጡትን የተሳሳቱ አመለካከቶች እዚህ አነሣለሁ። ብዙውን ቦታ የሚወስደው ግን ያው ጊጋው ነው።

«ጊጋው በበዛ ቁጥር ማጫወቻው ጥሩ ነው።»

ጊጋባይት የሚነግረን ዕቃው ምን ያህል ፋይል እንደሚይዝ ብቻ ነው፤ በጊጋ ብዛት ስለ ድምፅ መፍረድ የጎተራውን ስፋት አይቶ ስለ እህሉ ጥራት እንደመመስከር ነው። ድምፁን የሚወስኑት የፋይሉ አቀዳድ፣ በማጫወቻው ውስጥ ዲጂታሉን ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ ለውጦ የሚያጎላው ክፍል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጆሮ ውስጥ የሚገባው ኢርፎን ናቸው። ርካሽ ማጫወቻ ላይ ደኅና ኢርፎን መሰካት፣ ውድ ማጫወቻ ላይ የመንገድ ዳር ኢርፎን ከመሰካት በእጅጉ ይሻላል።

መጠኑም ቢሆን ሰው እንደሚያስበው አይደለም። በሰከንድ 128 ኪሎቢት እንዲሆን የተጨመቀ የኤምፒስሪ ፋይል በደቂቃ 1 ሜጋባይት ገደማ ይፈልጋል፤ የ4 ደቂቃ ዘፈን እንግዲህ 4 ሜጋባይት ያህል ይሆናል፣ 8 ጊጋ ደግሞ 2000 ያህል ዘፈን ይይዛል። ይህን ሁሉ ለመስማት ቀንና ሌሊት ሳይቋረጥ ከ5 ቀን በላይ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1998 ከደቡብ ኮሪያ የወጣው ኤምፒማን የተባለው ማጫወቻ 32 ሜጋባይት ብቻ ነበረው፤ በዚሁ ስሌት 8 ዘፈን ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 አይፖድ በ5 ጊጋ ሲወጣ 1000 ዘፈን ይይዛል ተብሎ ዓለም ጉድ አለ። ዛሬ በየቀኑ በሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚመላለስ ወጣት 128 ጊጋ ካልሆነ አልገዛም ሲል ምን ሊሰማበት እንዳሰበ እኔ አይገባኝም።

የባሰው ደግሞ የተጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ እውነት አለመሆኑ ነው። ከወረኢሉ መስመር የመጡ አንድ አባት 128 ጊጋ ተብሎ የተሸጠላቸውን ሜሞሪ ካርድ ከነማጫወቻው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው፣ «ልጄ፣ መንዙማው እስከ እኩሌታው ይሰማል፤ ከዚያ ወዲያ ስሙ ይመጣል እንጂ ድምፅ የለውም» አሉኝ። ከፍቼ ሳየው እንዳሉት ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ፋይሎች ያለ ችግር ይጫወታሉ፣ የኋለኞቹ ግን ስማቸው ብቻ ይታይና ሰዓት መቁጠሪያው ዜሮ ላይ ቆሞ ማጫወቻው ወደሚቀጥለው ይዘላል። ካርዱን በኮምፒውተር ስፈትሸው እውነተኛ መጠኑ 8 ጊጋ ብቻ ሆኖ ተገኘ። «ታዲያ የጫነልኝ ልጅ ሁሉም ገብቷል ብሎኝ ነበር እኮ» አሉ። ልጁ አልዋሸም፤ የዋሸው ካርዱ ነው። በካርዱ ውስጥ ያለው ትንሽ መቆጣጠሪያ የሐሰት መጠን እንዲናገር ተደርጎ ስለሚዘጋጅ፣ ኮምፒውተሩ 128 ጊጋ ያያል፣ ቅጂውም ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ያልቃል፤ ከ8 ጊጋ በላይ የተላከው ግን ወይ የትም አይቀመጥም፣ ወይ ቀድሞ በገባው ላይ ይጻፋል። ፎርማት ማድረግ አያድነውም።

ስለዚህ ካርድ ስትገዙ የተጻፈውን ቁጥር አትመኑ። ኤች ቱ ቴስት ደብልዩ የሚባል በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም አለ፤ ካርዱን እስከ አፉ ሞልቶ መልሶ ያነብና እውነተኛውን መጠን ይነግራችኋል። በትልቅ ካርድ ላይ ሰዓታት ስለሚፈጅ ሻጩ ቆሞ አይጠብቃችሁም፤ ቢያንስ ግን ቤት ወስዳችሁ ፈትሻችሁ ሐሰት ከሆነ እንደምትመልሱ አስቀድማችሁ ተስማሙ። በዚህ የማይስማማ ሻጭ መልሱን ሰጥቷችኋል። ሌላም ነገር አለ፤ ከ32 ጊጋ በላይ የሆኑ ካርዶች ኤክስፋት በሚባል የፋይል አደራደር ተዘጋጅተው ስለሚመጡ፣ ፋት 32 የሚባለውን የቆየ አደራደር ብቻ የሚያውቁ ርካሽና የቆዩ ማጫወቻዎች «ካርድ ያስገቡ» እያሉ ይጮኻሉ። ሁለቱም ደኅና ናቸው፤ አልተግባቡም እንጂ። የ16 ወይም የ32 ጊጋ እውነተኛ ካርድ ብትገዙ ይህ ሁሉ ጣጣ አይነካችሁም።

«ፋይሉ ወደ 320 ኪሎቢት ከተቀየረ ድምፁ ይጠራል።»

ሙዚቃ የሚጭኑ ልጆች ይህን እንደ ተጨማሪ አገልግሎት ማቅረባቸው ያሳዝነኛል። ኤምፒስሪ ፋይሉን የሚያሳንሰው ጆሮ ብዙም አያስተውለውም የተባለውን የድምፅ ክፍል ቆርጦ በመጣል ነው፤ አንዴ የተጣለ አይመለስም። በ128 የተጨመቀን ዘፈን ወደ 320 መቀየር ፋይሉን ሁለት ተኩል እጥፍ ያሳብጠዋል እንጂ የጎደለውን አይሞላም፤ እንደገና ስለሚጨመቅም ጥቂት ይጎዳዋል።

«192 ኪሎኸርዝ የሚል ጽሑፍ ያለበት ይሻላል።»

ይህ ቁጥር ድምፁ ሲቀዳ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደተለካ፣ ማለትም ስንት ናሙና እንደተወሰደ፣ የሚናገር ነው። የሰው ጆሮ የሚሰማው ቢበዛ እስከ 20,000 ኸርዝ ነው፤ በሲዲ ላይ የተለመደው በሰከንድ 44,100 ናሙና ደግሞ እስከ 22,050 ኸርዝ ያለውን ይዞ ይመልሳል። ከካሴት የተገለበጠ የድሮ አምባሰል ወይም ባቲ የሚሰማ ሰው ከክሩ ሹክሹክታ በላይ ሊያስጨንቀው የሚገባ ቁጥር የለም።

«ማጫወቻ ሁሉ አማርኛ ያነባል።»

አያነብም። በግዕዝ ፊደል የተሰየመ ፋይል በብዙ ርካሽ ማጫወቻዎች መስኮት ላይ የባዶ ሳጥኖች ሰልፍ ሆኖ ይመጣል፤ መቶ ዘፈን ካላችሁ መቶው አንድ ዓይነት ሳጥን ነው። ስለዚህ ወደ ሱቅ ስትመጡ በአማርኛ የተሰየሙ ጥቂት ፋይሎችና አንድ ረዘም ያለ ስብከት ወይም መንዙማ ያለበትን የራሳችሁን ካርድ ይዛችሁ ኑ። ረጅሙን ከመሐል አቋርጣችሁ፣ ማጫወቻውን አጥፍታችሁ አብሩት። ካቆመበት የማይቀጥል ከሆነ የአንድ ሰዓት ትምህርት በምትሰሙበት ጊዜ ሁሉ ከ«በስመ አብ» ወይም ከ«ቢስሚላህ» ልትጀምሩ ነው። ብዙዎቹ ፋይሎችን በፊደል ተራ ሳይሆን በተገለበጡበት ቅደም ተከተል ስለሚያጫውቱም፣ ተከታታይ ትምህርት ስታስጭኑ ከ1 ጀምሮ በተራ እንዲገለበጥ ንገሩ።

«መጀመሪያ 8 ሰዓት ቻርጅ መደረግ አለበት።» ይህ የድሮ የኒኬል ካድሚየም ባትሪ ወግ ነው፤ የዛሬው ሊቲየም ሲሞላ ራሱ ያቆማል።

«አዲስ አይፖድ አግኝቻለሁ።» አፕል ማምረት ማቆሙን ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2022 ነው፤ ከካርቶን ቢወጣ እንኳ ባትሪው ካርቶኑ ውስጥ ሆኖ አርጅቷል።

«ስልክ እያለ ማጫወቻ መግዛት ሞኝነት ነው።» የስልካችሁ ባትሪ መብራት እስኪመጣ የሚያደርሳችሁ ከሆነ እውነት ነው፤ አትግዙ።

«ጩኸቱ ኃይለኛ የሆነው ጥሩ ነው።»

የዓለም ጤና ድርጅት በ80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት መስማት ጉዳት እንደሌለው ይናገራል፤ ድምፁ 90 ሲደርስ ግን የሚፈቅደው በሳምንት 4 ሰዓት ብቻ ነው። ሚኒባስ ውስጥ የሞተሩ ጩኸት ስለሚያሸንፈን ነው ድምፅ የምንጨምረው። ጆሮን ጥብቅ አድርጎ የሚዘጋ፣ የጎማ ጫፍ ያለው ኢርፎን ሲደረግ ያው ዘፈን በግማሽ ድምፅ በግልጽ ይሰማል።

«የማጫወቻው ሬዲዮ ተበላሽቷል» እያላችሁ የምትመልሱልኝም ኢርፎኑን ሰክታችሁ ሞክሩ። የኤፍኤም አንቴናው የኢርፎኑ ሽቦ ስለሆነ በብሉቱዝ ማዳመጫ ጣቢያ አይያዝም።