የሁለት ሰው ድንኳን በጣና ዳር

የሁለት ሰው ድንኳን ሁለት ጎልማሶች ጎን ለጎን የሚያድሩበት፣ ተጣጥፎ በጀርባ ቦርሳ የሚያዝ ቀላል መጠለያ ነው። በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ግን «ድንኳን» ሲባል አስቀድሞ የሚታሰበው የዕድር ድንኳን ነው፤ ከወፍራም ሸራ የተሰፋ፣ በብረት ቱቦ የሚቆም፣ ለለቅሶና ለሠርግ የሚጣል፣ ለማጓጓዝም ጋሪ ወይም አይሱዙ የሚጠይቅ። ሳይጠራ ድግስ የሚገባ ሰው «ድንኳን ሰባሪ» የተባለው ከዚሁ ከትልቁ ድንኳን ተነሥቶ ነው። ስለ ትንሹ የጉዞ ድንኳን በአማርኛ የተጻፈው ጥቂት በመሆኑ፣ በውጭ ቋንቋ የሚገኙት የመምረጫ ጽሑፎችም በአብዛኛው የአውሮፓንና የሰሜን አሜሪካን የተራራ ብርድ ታሳቢ ያደረጉ በመሆናቸው፣ ይህ ዳሰሳ ሐይቁን መነሻ አድርጎ ተዘጋጅቷል። እነዚያ ጽሑፎች ክብደትን ያስቀድማሉ፤ በጣና ዳር ግን ሰውን የሚያሳድረውም ሆነ የሚያባርረው መረቡና ወለሉ ነው።

ድንኳን በሐይቁ ታሪክ

ጣና ለድንኳን ባዕድ አይደለም። የኢትዮጵያ ነገሥታት ቋሚ መናገሻ ሳይኖራቸው ከሰፈር ወደ ሰፈር ይዘዋወሩ በነበረበት ረጅም ዘመን ቤተ መንግሥቱም፣ ችሎቱም፣ ቤተ ክርስቲያኑም ድንኳን ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በአገሪቱ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የንጉሡ ድንኳን የት እንደሚተከል፣ የመኳንንቱና የገበያው ስፍራ እንዴት እንደሚደለደል፣ ሰፈሩ በየትኛውም ሜዳ ቢያርፍ ሥርዐቱ እንደማይለወጥ በሰፊው ጽፏል። «ከተማ» የሚለው ቃላችን ራሱ ሰፈረ ማለት ከሆነው «ከተመ» የወጣ ሲሆን፣ ደጃዝማች፣ ቀኛዝማችና ግራዝማች የሚሉት ማዕረጎችም ከንጉሡ ድንኳን ደጅ፣ ቀኝና ግራ ከሚሰለፈው ጦር ጋር ይያያዛሉ። ዐፄ ሱስንዮስ ጎርጎራ ላይ የድንጋይ ቤተ መንግሥት ካሠሩ፣ ልጃቸው ዐፄ ፋሲለደስም እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን ከመሠረቱ በኋላ ድንኳን የዘመቻ ዕቃ እየሆነ ሄደ ማለት ይቻላል።

በሐይቁ ዳር ከተተከሉት ሰፈሮች ሁሉ በጽሑፍ ጎልቶ የቀረው የዐፄ ቴዎድሮስ የዘጌ ሰፈር ነው። በ1858 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1866) የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳም ከዶክተር ሄንሪ ብላንክና ከሌተና ፕሪዶ ጋር በምሥራቁ ዳርቻ ቆራጣ ላይ እንዲቀመጥ ሲደረግ፣ ንጉሡ ከነሠራዊታቸው ከሐይቁ ማዶ ዘጌ ላይ ሰፍረው ነበር። ራሳምም ብላንክም ያዩትን መጽሐፍ አድርገው ስላሳተሙ፣ እነዚያ ጥቂት ወራት ከፊትና ከኋላቸው ካሉት ብዙ ዓመታት ይልቅ በዝርዝር ይታወቃሉ። በሚያዝያ ወር መልእክተኞቹ ወደ ዘጌ ተጠርተው ተያዙ፤ ክረምቱ ሲቃረብ ደግሞ በተጨናነቀው ሰፈር ኮሌራ ገባና ሠራዊቱ ድንኳኑን ነቅሎ ወደ ደብረ ታቦር ደጋ ወጣ። የፖለቲካው ጉዳይ ሌላ ሰፊ ታሪክ ነው፤ ለድንኳን ተካይ የሚጠቅመው ግን ይህ የመጨረሻው ክፍል ነው፣ ዝናብ ሊጥል ሲል ዝቅተኛ የሐይቅ ዳርቻ ላይ መስፈር ንጉሥንም አስለቅቋልና።

ከዚያ ወዲህ ያለው ዘመን በዋናነት የሠራዊትና የድግስ ሸራ ድንኳን ዘመን ነው፤ በየዓመቱም በከተራ ዕለት ታቦታት በድንኳን ያድራሉ። በጀርባ የሚያዘው ጉልላት መሳይ ድንኳን የተወለደው ሌላ አገር ሲሆን፣ ተጣጣፊ ምሰሶዎችን እርስ በርስ በማቆላለፍ የሚቆመው «ኦቫል ኢንቴንሽን» የተባለው የአሜሪካው ኩባንያ የኖርዝ ፌስ ድንኳን እ.ኤ.አ. በ1975 ለገበያ መቅረቡ በዘርፉ እንደ መነሻ ይቆጠራል።

«ሁለት ሰው» ሲባል

በከረጢቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር የተኚ እንጂ የነዋሪ ቁጥር አይደለም። የተለመደው የሁለት ሰው ድንኳን ወለል ወደ 130 ሳንቲ ሜትር ስፋትና ወደ 215 ሳንቲ ሜትር ርዝመት አለው፤ መደበኛው የጉዞ ፍራሽ 51 ሳንቲ ሜትር ስለሚሰፋ ሁለቱ ተነጥፈው የሚተርፈው ክርን የሚያስገባ ያህል ቦታ ብቻ ነው። የእኛ ተጓዥ ደግሞ በአምራቹ ስሌት ውስጥ ያልገባ ጋቢ ይይዛል። ጋቢ ጥጥ በመሆኑ የድንኳኑን ግድግዳ ሲነካ ሌሊቱን የተጠራቀመውን ጤዛ ይመጥጣል፣ ጠዋትም የራሱን ክብደት ያህል ውሃ የተሸከመ ይመስላል። ስለዚህ ጋቢ የማይተው ሰው ቢያንስ 140 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ፣ ግድግዳው ከግርጌ ቀጥ ብሎ የሚነሣ ድንኳን ቢመርጥ ይሻለዋል። ጫማና ቦርሳ የሚቀመጡት ከውጭኛው ሸራ ሥር በሚተርፈው ደጃፍ ነው። በሩ ሁለት ከሆነ አንዱ ሌላውን ሳይረግጥ ሌሊት ይወጣል፤ በሩ አንድ ከሆነ ግን ጥሩ ጓደኛ መምረጥም የድንኳን ምርጫው አካል ነው።

ወቅት፣ ነፋስና መረብ

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ስትሆን፣ ዓመታዊ ዝናቧ 1,400 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ የሚበዛውም ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። በሐምሌና በነሐሴ በሐይቁ ዳር በትንሽ ድንኳን ማደር ለሥራ ግዴታ ካልሆነ በስተቀር አይመከርም። ክረምቱ እንዳለፈ ያሉት ወራት፣ ሜዳው በአደይ ሲሸፈንና ጢስ ዓባይ ገና ሙሉ ድምፁን ይዞ ሳለ፣ በአገሪቱ አቻ የማይገኝላቸው የጉዞ ወራት ናቸው። ችግሩ የወባ ዋናው ወቅትም ከመስከረም እስከ ኅዳር መሆኑ ነው። የፎገራና የደምቢያ ሜዳዎች፣ የባሕር ዳር ዙሪያም ጭምር፣ ወባ የሚያጠቃቸው ሥፍራዎች ናቸው፤ ወባ አስተላላፊዋ ትንኝ የምትነክሰውም ከምሽት እስከ ንጋት፣ ማለትም ሰው ድንኳኑ ውስጥ በሚሆንበት ሰዓት ነው። ሁለተኛ፣ አነስ ያለ የወባ ወቅት ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ ይታያል።

በዚህ ምክንያት በጣና ዳር ባለ ሁለት ድርብ ድንኳን ከባለ አንድ ድርብ ድንኳን ይመረጣል። ባለ ሁለት ድርቡ ውስጠኛው አካል አብዛኛው መረብ ሆኖ፣ ዝናብ የሚከላከለው ሸራ ከላይ ተለይቶ የሚለብስ ነው፤ ዝናብ በሌለበት ሌሊት ሸራውን ገፎ መረቡን ብቻ ማቆም ይቻላል፣ ያኔ ድንኳኑ ምሰሶ ያለው አጎበር ሆነ ማለት ነው። ባለ አንድ ድርቡ ቀላል ቢሆንም አየር ስለሚያፍን ሰዎች ለመተንፈስ ብለው ዚፑን ይከፍታሉ፤ ትንኟም የምትጠብቀው ይህንኑ ነው። የመረቡ ቀዳዳ ከተራ አጎበር የጠበበ ቢሆን ይመረጣል፣ በውሃ ዳር የሚርመሰመሱት ደቃቅ ነፍሳት በሰፊው ቀዳዳ ያልፋሉና። አንዳንዶች ሸራውን ጨርሶ መግፈፍ በጤዛ ያስመታል ብለው ይቃወማሉ። ይህ እንደ ሌሊቱ ይለያያል፤ በታኅሣሥና በጥር ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች በሚወርድባቸው ሌሊቶች እውነት አላቸው፣ በጥቅምት ግን አየሩ የሚያስፈራ አይደለም።

ሐይቁ የራሱ ነፋስ አለው። ቀን የብሱ ስለሚሞቅ ነፋሱ ከውሃው ወደ ምድር ይገባል፤ ሌሊት ይገለበጥና ከምድር ወደ ውሃ ይወጣል። በደቡቡ ዳርቻ፣ ማለትም ከባሕር ዳር እስከ ዘጌ ባለው ጠረፍ፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ሐይቁ የተከፈተ በር ጥሩ አየር ያስገባል፣ ቀን ጸጥ ብሎ የነበረው የጀርባው ግድግዳ ደግሞ ማታ ይወዛወዛል። የበልጉ ነጎድጓድ ግን ይህን ሥርዐት አያከብርም፤ ከቀትር በኋላ ከየትም ተነሥቶ ያልታሰረ ድንኳን ያንከባልላል።

ወለልና ካስማ

የጣና ዳርቻ አንድ ቦታ አይቆምም። የሐይቁ ውሃ በመስከረምና በጥቅምት ከፍ ብሎ፣ በግንቦትና በሰኔ ዝቅ ስለሚል፣ በጥቅምት ውሃ የነበረው በሚያዝያ ደረቅ ሜዳ ይመስላል። ከላዩ የተሰነጠቀ ቅርፊት፣ ከሥሩ ግን ጭቃ ነው። ለመለየት ቀላሉ መንገድ የሚከተለው ነው፦ የድንኳኑ ወለል ተዘርግቶ በአንድ ጉልበት ለጥቂት ደቂቃ ተንበርክከው ሲነሡ የጉልበቱ ቅርጽ በጨርቁ ውስጠኛ ገጽ ላይ ጠቁሮና ረጥቦ ከታየ፣ ወይ ቦታው ወይ ወለሉ አይሆንም። የሸራ ውሃ መከላከል አቅም የሚለካው በሚሊ ሜትር ነው፤ 1,500 ሚሊ ሜትር ማለት ጨርቁ ላይ አንድ ሜትር ተኩል ከፍታ ያለው የውሃ ዓምድ ቢቆም አያንጠባጥብም ማለት ነው። ለላይኛው ሸራ ይህ ሊበቃ ይችላል። ወለሉ ግን የሰው ክብደት አንድ ነጥብ ላይ ስለሚያርፍበት 3,000 እና ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል። ከሥር ተጨማሪ ላስቲክ ማንጠፍ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም የሚለው ያከራክራል፤ ላስቲኩ ከድንኳኑ ጠርዝ ወጥቶ ከተነጠፈ ዝናቡን ሰብስቦ ወደ ተኚው እንደሚያስገባ ግን አያከራክርም።

ካስማን በተመለከተ ምድሩ ሁለት ዓይነት ጠባይ አለው። በባሕር ዳርና በዓባይ መውጫ አካባቢ ከአፈሩ ሥር የእሳተ ገሞራ ጥቁር ድንጋይ ስላለ ቀጭን ካስማ ጥቂት ጣት ያህል ገብቶ ይታጠፋል። በፎገራ ዋልካ ደግሞ ካስማው እንደ ቅቤ ይገባል፣ አፈሩ ሲረጥብም እንዲሁ ይወጣል። ለሁለቱም መፍትሔው ያለ ካስማ በምሰሶው ብቻ የሚቆም ድንኳን መምረጥ፣ አውታሩንም ከድንጋይ ወይም ከዛፍ ሥር ማሰር ነው። በእግር ጉዞ ምርኩዝ የሚቆሙት እጅግ ቀላል ድንኳኖች ሙሉ በሙሉ በካስማ ስለሚወጠሩ ለዚህ ምድር አይመቹም።

የት እንደሚተከል የሚወስን ሌላም አካል አለ። ጉማሬ ቀን ውሃ ውስጥ ይውላል፣ ሲመሽ ሣር ለመጋጥ ይወጣል፣ ሁልጊዜም በለመደው መንገድ ይመላለሳል። ከደንገሉ መካከል የወጣ፣ ሣሩ የተደፈጠጠበት፣ መካከሉ ጎበጥ ብሎ ግራና ቀኙ የተቦረቦረ መንገድ የታየበት ቦታ ምንም ያህል ለጥ ያለ ቢሆን አይሰፈርበትም። ዓሣ አጥማጆችና የታንኳ ሰዎች መንገዶቹን ስለሚያውቋቸው እነርሱን ሳይጠይቁ ድንኳን መትከል ሞኝነት ነው።

ጨርቅ፣ ምሰሶና ገበያ

ጨርቁ ናይለን ወይም ፖሊስተር ነው። ናይለን ለክብደቱ ጠንካራ ሲሆን ሲረጥብ ግን ይላላል፤ ፖሊስተር ውሃ አይመጥጥም፣ ፀሐይንም በተሻለ ይችላል። በዚህ ኬክሮስና ከፍታ የቀን ፀሐይ ብርቱ በመሆኑ ለሐይቁ ዳር ፖሊስተር የተሻለ ይመስላል። ምሰሶው አሉሚኒየም ከሆነ ሲበዛበት ይጎብጣል፤ ፋይበር ግላስ ከሆነ ተሰንጥቆ እንደ እሾህ ይሰነጣጠራል። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ዘጌ ላይ በሌሊት የተሰነጠረ ምሰሶ በእጁ ዳስሶ ለማስተካከል ሞክሮ፣ መዳፉ ውስጥ የገባውን ስንጥር ለሦስት ቀን በመርፌ ሲለቅም ሰንብቷል። ክብደቱን በተመለከተ ለእግር ጉዞ የተሠራው ከ1.2 እስከ 2.5 ኪሎ ግራም ሲመዝን ርካሹ እስከ 4 ኪሎ ይደርሳል። በጀልባ ዘጌ ለሚደርስ ሰው ልዩነቱ አይታወቅም።

ድንኳን ሲገዛ፣ በተለይ ያገለገለ ከሆነ፣ ሳይተከል ገንዘብ አይከፈልም። ምሰሶዎቹ ተገጣጥመው እንደ ደጋን ይለመጣሉ፤ ዚፑ ደጋግሞ ይከፈትና ይዘጋል፣ ማዕዘኑ ላይ ከያዘ በጨለማ አይታዘዝም። ቀጥሎ ሰው ውስጥ ገብቶ በሩን ይዘጋና ፀሐይዋን በሸራው ውስጥ ይመለከታል፤ ስፌቱ ላይ የመርፌ ቀዳዳ እንደ ኮከብ ካበራ የስፌቱ ማሸጊያ ለቋል ማለት ነው። በመጨረሻ የሸራው ውስጠኛ ገጽ ይዳሰሳል፣ ይሸተታልም። የሚጣበቅና የሚከረፋ ከሆነ ውሃ የሚከላከለው የፖሊዩሬቴን ቅብ በእርጥበትና በሙቀት ፈርሷል፤ ይህን የሚያድነው የለም።

ከሐይቁ ወደ ደጋ

ከባሕር ዳር የሚነሣ ተጓዥ ያንኑ ድንኳን ይዞ ወደ ስሜን ተራሮች መሄዱ የተለመደ ነው። የሳንቃበር ሰፈር 3,250፣ የግጭ ደግሞ 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆኑ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ለጣና የተመረጠው መረብ እዚያ ብርድ ያስገባል። ለሁለቱም የሚሆን ድንኳን ካስፈለገ ሸራው እስከ ምድር የሚወርድ፣ ከላይ ግን መተንፈሻ ያለው ይመረጣል።

ፈቃድና ጥገና

የጣና ዙሪያ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግቧል። በገዳማት ይዞታ ለማደር የአበምኔቱ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ሴቶች የማይገቡባቸው ናቸው። በእርሻ ዳር ባለመሬቱን መጠየቅ ወግ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት የተነሣ ጉዞው የተቀዛቀዘ ሲሆን፣ ከመነሣት በፊት የአካባቢውን ሁኔታ ማጣራት ግድ ነው።

የተቀደደ ሸራ በልብስ ሰፊ፣ የተበላሸ የዚፕ መንሸራተቻ በቦርሳ ሰፊ ይጠገናል። ሰፊው ግን የሚወጋው እያንዳንዱ ቀዳዳ ውሃ እንደሚያስገባ ስለማያስበው፣ አዲሱ ስፌት ላይ ለጨርቁ ቅብ የሚስማማ የስፌት ማሸጊያ ተቀብቶ አንድ ቀን ሙሉ በጥላ መድረቅ አለበት። ከጉዞ የተመለሰ ድንኳንም በከረጢቱ ታፍኖ አይቀመጥም፤ በልብስ ማስጫ ገመድ ላይ ተሰጥቶ፣ የወለሉ ማዕዘኖች ተገልብጠው የጣና አሸዋ ተራግፎ፣ ደርቆ ሲያበቃ ልል ተደርጎ ይታጠፋል።